ለነዋሪው ይነገር

«ፋይሉ አለ። ለእርስዎ ግን የለም።»

የመስኮት ሦስቷ ልጅ ይህን ያለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከፊቷ ካለው ወረቀት ሳትነቅል ነበር። ከመስታወቱ ወዲህ የቆመው ሰውዬ የተሳሳተ መስሎት ጆሮውን ወደ ክቧ ቀዳዳ አስጠጋ። በዚህ ቢሮ ሁሉም የሚያውቀው «ጠብታ» በሚለው ስሙ ነው። የቤቱ የመጨረሻና ከሁሉ ያነሰ ልጅ ስለነበረ ታላቅ እህቱ ያወጣችለት ስም ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት እንዲሉ፣ አድጎ የውሃ ላብራቶሪ ሠራተኛ ሆኖ ቀኑን ሙሉ በጠብታ ሲለካ ሲውል የሥራ ጓደኞቹም ስሙን ያለ ክርክር ተቀበሉት። በዚሁ የክልሉ ውሃ ቢሮ፣ ከዚሁ መስኮት ጀርባ ባለው ኮሪደር ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው። መታወቂያውን ሲያስረክብ በሩም አብሮ የተዘጋበት ይመስል፣ አሁን እንደማንኛውም ባለጉዳይ ከመስታወቱ ወዲህ ይቆማል።

የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ከከተማው ዳር ካለ ሰፈር ጉድጓድ ራሱ የቀዳውን ውሃ ራሱ መርምሮ በገዛ እጁ የሞላው የውጤት ቅጽ። መጀመሪያ በመጣ ጊዜ «ማመልከቻ ይጻፉ» ተባለ፤ ጻፈ። ሁለተኛ ሲመጣ ማመልከቻው ገቢ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ተባለ፤ እንደገና ጻፈ። ሦስተኛ ሲመጣ ጉዳዩ ሕግ ክፍል ነው፣ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይባላል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከውሃ ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ ነገሩ አላስደነቀውም። በየቀጠሮው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን «ማንኛውም ሰው በመንግሥት እጅ የሚገኝ መረጃ የማግኘት መብት አለው» የሚል ማስታወቂያ ያነባል። ማስታወቂያው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑም ተቆልፏል።

ልጅቷ የሕግ ክፍሉን መልስ በቀዳዳው አሾልካ ሰጠችው። ደብዳቤው አጭር ነበር። ጠያቂው ሰነዱን ያዘጋጁት በሥራ ላይ እያሉ ስለሆነ ሰነዱ የቢሮው እንጂ የእርሳቸው አይደለም፤ የተጠቀሰው ጉድጓድ ተጠቃሚ ስላልሆኑም ጉዳዩ በቀጥታ አይመለከታቸውም ይላል። ማኅተሙ ከፊርማው በላይ ደምቆ ወጥቷል።

«ታዲያ ማንን ነው የሚመለከተው?» አለ ጠብታ።

«የውሃውን ደንበኛ ነዋ። የደንበኛ ደብተር ያለው ሰው።» ልጅቷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየችና ወደ ቀዳዳው ተጠጋች። «አባት፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ፋይል ሁሉ ነገ ጠዋት ታሽጎ ወደ ማዕከላዊው መጋዘን ይጫናል። እዚያ ከገባ በኋላ ማን እንደሚያወጣው እኔም አላውቅም። ከዚያ ሰፈር የሚያውቁት ሰው የለም? ዘመድ ቢጤ?»

ጠብታ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፈው። «አለች» አለ። «እህት አለችኝ።»

ይህን ቃል ከተናገረው ቆይቷል። ጉድጓዱ የተዘጋው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ጠዋት የቢሮው ሠራተኞች መጥተው ቧንቧውን ቆርጠው፣ አፉን በሲሚንቶ ደፍነው፣ ለማንም ምክንያቱን ሳይናገሩ ሄዱ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲጠይቅ አንድ የቢሮ ኃላፊ ቆሞ፣ በጊዜው ላብራቶሪው ውሃው ደህና ነው ብሎ ነበር፣ እኛ ባለሙያ አምነን ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ከስብሰባው ሲወጡ ጎረቤቶቿ ወደ እህቱ ዞረው «ወንድምሽ አይደል እንዴ የፈረመው?» አሏት። እሷም በዚያው እግሯ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ ግቢ ቢላት እንቢ ብላ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ «ደህና ነው ብለህ ፈርመሃል?» ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ገና ደመወዝተኛ ነበር። «የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው እትዬ፣ መናገር አልችልም» አላት። ትንሽ ቆማ አየችውና ሄደች። ከሦስት ዓመት በኋላ ባሏ ሲሞት ሄዶ ከለቀስተኛው ኋላ ቆመ፤ አየችው፣ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ወዲህ እግሩን ወደዚያ ሰፈር አላነሳም።

አውቶቡሱ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ጠብታ የሚላትን ቃል በልቡ እየደረደረ፣ እያፈረሰ፣ መልሶ እየደረደረ ሄደና ሲወርድ አንዱም አልቀረለትም። ሰፈሩ ብዙም አልተለወጠም። መንገዱ ግማሹ ድንጋይ ተነጥፎለት ግማሹ ቀርቶበታል። የተደፈነው ጉድጓድ ላይ የጫማ ጠጋኝ ጃንጥላ ተተክሏል፤ ጠጋኙ የሲሚንቶውን ክብ እንደ ጠረጴዛ ይጠቀምበታል። ከእሱ አለፍ ብሎ የእህቱ በር ላይ «መጋረጃ በልክ ይሰፋል» የሚለው ቆርቆሮ አሁንም ተንጠልጥሏል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከመንገዱ ይሰማ ነበር። ሳያንኳኳ ትንሽ ቆመ።

የከፈተችለት የእህቱ ልጅ ናት፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ያገኘቻት አንድዬዋ። ስታየው ፈገግ አለች፣ ወዲያውም እጇን አፏ ላይ ከደነች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት፤ ጥርሶቿ ከበቀሉ ጀምሮ ቡናማ ናቸው፣ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ነጠብጣብ ያለባቸው። ድምፅዋን ቀንሳ «ጋሼ፣ ግባ እንጂ» አለችው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጨርቅ ተጭኖበታል። አረንጓዴ፣ ወተት መሳይ፣ አበባ ያለበት፣ የሌለበት፤ በየጥቅሉ ላይ የደንበኛው ስም ሳይሆን «ሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ»፣ «ሐኪሟ»፣ «ያ ተጨቃጫቂው» የሚል ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ተሰክቷል። እህቱ በመስኮቱ ሥር መኪናው ላይ ተቀምጣለች። ማን እንደመጣ አውቃለች፤ ግን የያዘችውን እጥፋት እስክትጨርስ መርገጫውን አላቆመችም። ልጅቷ ወንበር ላይ የነበረውን ጨርቅ አንስታ አስቀመጠችው። ስለ ጨርቅ መወደድ ተወራ፤ ያወራችው ልጅቷ ብቻ ነበረች። አንድ ሜትር ስስ ጨርቅ ዓምና ከነበረበት በእጥፍ ጨምሯል አለች። ጠብታ «ይገርማል» አለ። ከዚያ በኋላ ጨርቁም ስለራሱ የሚያወራው አልቀረውም።

እህቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ዞረች። የዞረችው ግን አንገቷን አይደለም። ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ጉልበቷን አንድ ላይ፣ ማጠፊያው እንደዛገ በር፣ መላ ሰውነቷን ነበር ያዞረችው። ጠብታ ይህን አያውቅም ነበር። በመጽሐፍ ላይ ያነበበውን፣ ያን ዓይነት ውሃ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው አከርካሪ እንዴት እንደሚደርቅ የተሣለበትን ገጽ አስታወሰ።  

«ምን እግር ጣለህ?» አለች።

ነገራት። ስለ ቅጹ፣ ስለ ሁለቱ ማመልከቻ፣ ስለ ሕግ ክፍሉ ደብዳቤ፣ ነገ ስለሚታሸገው መዝገብ ቤት። ደብተሩን ይዛ አብራው ብትሄድና ብትጠይቅ እንደሚያሳዩዋት ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ስለዚህ ስምህን ልታነጻ ነው የመጣኸው» አለች።

ጠብታ አይደለም ሊል አስቦ ነበር። «አዎ» አለ። «መጀመሪያ ለእሱ ነው። አልዋሽሽም።»

«ጉድጓዱ ተደፍኗል። የጠጣነውን ጠጥተናል። ወረቀት አሁን ምን ይፈይድልኛል?» ብላ መልሳ ወደ መኪናዋ ልትዞር ስትል፣ ልጅቷ ከጨርቁ መሐል «እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። እጇ አፏ ላይ ስለነበር ቃሉ ታፍኖ ወጣ፤ ግን ሁለቱም ሰሙት። እናትየው ልጇን አየቻት፣ ልጇም መልሳ አየቻት። እህቱ ጣቷ ላይ የነበረውን የብረት ቆብ አውልቃ መሳቢያው ውስጥ ከተተች። ከዚያ ተነስታ፣ አልጋው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን በእግሯ አስጠግታ፣ ልጅቷ እንድትከፍተው አደረገች፤ ራሷ ማጎንበስ አትችልም። የውሃ ደብተሩ ከቤት ካርታው ሥር ነበር። «ያን የሐኪሟን አንቺ ጨርሺው» አለቻት፣ «ታችኛውን እጥፋት አራት ጣት አድርጊ፤ ሦስት ካደረግሽ ትመልሰዋለች።»

በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ተቀመጠች። ጠብታ ከጎኗ ተቀመጠና ወዲያው ስህተቱን አወቀ። ልታየው ብትፈልግ መላ ሰውነቷን ማዞር አለባት። ተነስቶ ከፊት ለፊቷ፣ ጀርባውን ወደ ሹፌሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። በእያንዳንዱ የመንገድ ጉድጓድ ጉልበታቸው ይጋጫል። «ወደ ኋላ እየሄድክ ያዞርሃል» አለችው። «ምንም አይለኝም» አለ። አዞረው፤ ግን አልተነሳም።

ሲደርሱ መስኮቶቹ ለምሳ ተዘግተዋል። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ጠብታ ከበሩ ዳቦና ሙዝ ገዝቶ መጣ። እህቱ ዳቦውን ከሁለት ቆርሳ ትልቁን ለእሱ ሰጠችው፤ ከዚያ የሰጠችው ትዝ ሲላት ትንሽ ተበሳጨች መሰል፣ ሙዙን ለራሷ አስቀረች። የመስኮት ሦስቷ ልጅ ተመልሳ መጋረጃዋን ስትገልጥ ደብተሩን ተቀብላ አገላበጠችው። ፊቷ ጠቆረ።

«እናቴ፣ ይህ በአባወራው ስም ነው።»

«ባሌ ነው።»

«እሳቸው ራሳቸው ቢመጡ ነበር ጥሩ።»

«ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው ልጄ። ልሂድና ልጥራው ካልሽ እሄዳለሁ፤ ግን ተመልሼ አልመጣም።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። የጋብቻ ወረቀት አለ ወይ ስትል የለም ተባለች፤ የሞት ወረቀት ስትል ቤት ነው ተባለች። ከመሳቢያዋ ሌላ ቅጽ አወጣች። ሚስት መሆኗን የሚያውቅ ዘመድ በምስክርነት ከፈረመ ለዛሬ ይበቃል አለች፤ የመጨረሻውን ቃል ስትል ወደ ኃላፊዋ በር አየት አድርጋ። ቅጹ ላይ የምስክሩ ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ «ከጠያቂው ጋር ያለው ዝምድና» የሚል ባዶ መስመር አለ። ጠብታ እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘ። ስሙን ጻፈ። መስመሩ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እህቱ ከአጠገቡ ቆማለች፤ አንገቷ ስለማይጎነብስ ምን እንደሚጽፍ አላየችም።

«ምን ቀረ?» አለች።

«ዝምድና ይላል።»

«እና? ወንድም በል እንጂ» አለች፣ የመኪና መርፌ እንደምትለውጥ ሰው ያለ ስሜት። ጻፈ። ልጅቷ ማኅተሙን አሳርፋ ቅጹን ነቅላ ወሰደችው።

ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ወደ ሕግ ክፍል፣ ከሕግ ክፍል ተመልሶ ወደ መዝገብ ቤት እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ግራጫ ጋዋን የለበሰው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በሩን ከፈተ። ከጠብታ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ክበብ ሻይ የጠጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ እህቱን አስገቡ፤ እሱ ሊከተል ሲል ክንዳቸውን ዘረጉ። «አንተ አትገባም። ጠያቂዋ ብቻ ታያለች ነው የተባልኩት። ቅጂ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መግባትም የለም። አትቀየመኝ ጠብታ፣ እኔም በስተርጅና እንጀራዬን ነው የምጠብቀው።» አልተቀየማቸውም። እንጀራን መጠበቅ ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በሩ ላይ መጽሐፍ የምታህል መስታወት አለች። በመስታወቷ በኩል እህቱን ፊት ለፊት አየ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን አንስታ ከዓይኗ ትክክል ያዘችው። መብራቱ ከኋላዋ ስለነበር ጽሑፉ በወረቀቱ ጀርባ ደብዝዞ ታየው። አሥራ ስምንት ዓመት ያላየውን ገጹን ተገልብጦ አየው። መስመሮቹን ቆጠረ። የት ላይ ቀለም እንደጨረሰና ሌላ እስክሪብቶ እንዳነሳ ትዝ አለው። ከታች በኩል ሁለት ጥቁር ጭረቶች ነበሩ፤ እነሱን አላስታወሰም። እህቱ አነበበች። ጨረሰች ብሎ ሲያስብ ከላይ ጀምራ መልሳ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ኃላፊው አንድ ነገር ሲሏት እጇን አነሳች፣ ቆይ እንደማለት።

ስትወጣ ከአግዳሚው ተነሳ። አልተቀመጠችም።

«ስም የለበትም» አለች። «የመርማሪው ስምና ፊርማ ያለበትን በጥቁር ቀለም ለቅልቀውታል። የግል መረጃ ነው አሉኝ።»

ጠብታ ሦስት ወር የደከመለት፣ ስድስት ዓመት ያጎበጠው ነገር በሁለት የቀለም ጭረት ሥር ገብቷል። አሁን ማንም ጽፎት ሊሆን ይችላል። ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ሞኝ» አለች እህቱ። «ለእኔ ስም ምን ያደርግልኛል? ወደ ኋላ የተንጋለለ ጽሕፈት፣ እንደ ሰካራም። አስተማሪህ ግራ እጅህን በመምቻ ሲልጥብህ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያው በግራህ ያስጻፍኩህ እኔ አይደለሁም? ‹መ› መነጽር ናት፣ ሁለት ዓይን አላት ብዬህ፣ አንተ ግን አንዱን ዓይን ሁልጊዜ ታስበልጥ ነበር። ‹ለመጠጥ አይመከርም› ይላል። እዚያች መስመር ላይ ያሉት ሁለቱም መነጽሮች አንድ ዓይናቸው ትልቅ ነው።»

ጠብታ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ሲያስበው የኖረው ደስታ ይህ ነበር፤ እህቱ ቆማ አንተ ነህ የጻፍከው ስትለው። ግን ድምፅዋ ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ፤ ገና አልጨረሰችም።

«ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር አለ» አለች። «‹ለነዋሪው በአስቸኳይ ይነገር› ይላል።»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

«እኔ ነዋሪ አልነበርኩም?»

ከኮሪደሩ ጫፍ የጋሪ ድምፅ ይሰማል፤ ነገ የሚጫኑትን ሳጥኖች እያወረዱ ነው። ጠብታ እጁን ከፊቱ አወረደ። ይህን ጥያቄ ማንም እንደማይጠይቀው አስቦ ነበር ማለት አይቻልም። ራሱ ብዙ ጊዜ ጠይቆት፣ ሁልጊዜም ሌላ ሥራ አግኝቶ ተነስቶ የሄደበት ጥያቄ ነው።

«እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር» አለች። «ሻይ ላፍላልህ ስልህ አሁን ጠጣሁ፣ ውሃ ስልህ አልጠማኝም። ያን ዓመት ሙሉ ቤቴ ገብተህ ምንም አልጠማህም። ለባሌ፣ ወንድሜ ኮራብኝ ብዬ ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ለልጅቷ ውሃ ከሰፈሬ ልላክላት አልከኝ። የኛ ሰፈር ውሃ ምን ሆነ ስልህ፣ ምን አልከኝ?»

«ምንም» አለ ጠብታ። «ምንም አልኩሽ።»

«ሦስት ዓመቷ ነበር።»

«ውጤቱን ለኃላፊዬ ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስታወስኩ። አማራጭ እየተጠና ነው፣ ሕዝብ እንዳይደናገጥ አፍህን ዝጋ አሉኝ። ያወራ ከሥራው ይወጣል የሚል ወረቀትም ፈርሜ ነበር። እነሱ ይነግሩሻል ብዬ ጠበቅሁ። ዓመት ሲያልፍ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ ትይኛለሽ ብዬ ደግሞ ፈራሁ። ከዚያ እያደር ባሰ።» ቀና ብሎ አያት። «ሌላ ምክንያት የለኝም እትዬ። ፈርቼ ነው።»

እህቱ ቆማ በመስኮቱ ወደ ግቢው ታይ ነበር። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጎ አላገኘም፤ ይቅርታም አላገኘም። ድካም ነበር ያለው፤ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ውላ የመጨረሻውን ክር የምትበጥስ ጊዜ ያለው ዓይነት። ከዚያ አንድ እጇን ትከሻው ላይ ተደገፈችና ቀስ ብላ ከጎኑ ተቀመጠች። እጇን ወዲያው አላነሳችም።

«እስክሪብቶ አለህ?» አለች።

«አለኝ።»

«ጻፍ። ከአእምሮዬ ሳይወጣ።»

እህቱ ስልሳ የሆቴል መስኮት ለክታ፣ አንዱንም ሳትጽፍ ቤቷ ገብታ ጨርቅ የምትቆርጥ ሴት ናት። ኃላፊው ወረቀትና እስክሪብቶ ከለከሉ እንጂ ማስታወስን አልከለከሉም። ከቦርሳዋ መጋረጃ የምትለካበትን ቡናማ ወረቀት አወጣችለት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ተናገረች፣ እሱም ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። የቅጹን ቁጥር አለች። ቀኑን አለች። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ ውሃው የተቀዳበትን ሰዓት። በአንድ ሊትር ውስጥ የተገኘ ፍሎራይድ ስድስት ነጥብ ስምንት ሚሊግራም፣ ከተፈቀደው ከአራት እጥፍ በላይ። ለመጠጥ አይመከርም። ለነዋሪው በአስቸኳይ ይነገር። አንዲት ቁጥር አልሳተችም። መዝገብ ቤቱን ሊቆልፉ የወጡት ኃላፊ አጠገባቸው ሲደርሱ ቆሙ፤ ወረቀቱን አዩ፣ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ከዚያ ቁልፋቸውን እያቃጨሉ አለፉ።

«ስምህንም ጻፍበት» አለች ዓይኗን ገልጣ። «የዚያኛውን ሸፍነውታል።»

ጻፈው። ፊርማውንም አኖረበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ጠበቀች፤ ከዚያ አጥፋ ከውሃ ደብተሩ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ነገ ጠዋት ከጉድጓዱ አጠገብ ላለው ጫማ ጠጋኝ እንደምታሳየው፣ እሱ ካወቀ እስከ ምሳ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ቆሞ የዋሸው ኃላፊም ይህን ወረቀት እንዲያነብላቸው ሰፈሩ አንድ ላይ ሆኖ እንደሚመጣ ነገረችው። «ሲጠሩህ ትመጣለህ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«እመጣለሁ» አለ።

በመልሱ አውቶቡስ ሰው ስለሞላ ሁለቱም ቆሙ። ጠብታ አንድ ወጣት አስነስቶ አስቀመጣትና ከፊቷ ቆመ። ሁለት ፌርማታ አለፉ። ከዚያ ለመስኮቱ እንደምትናገር ሁሉ፣ «ጥርስሽን አትፍቂም እያልኩ ስቆጣት ነው ያሳደግኳት» አለች። «አንድ ጊዜ በመፋቂያው መትቻታለሁ። ስምንት ዓመቷ ነበር። እፍቃለሁ እማዬ፣ እፍቃለሁ እያለች አለቀሰች፤ ድድዋ እስኪደማ ትፍቅ ነበር ለካ።» ጠብታ የተንጠለጠለበትን ብረት አጥብቆ ያዘ።  ስትወርድ ክንዱን ሰጣት፣ ያዘችው።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ የሐኪሟን መጋረጃ ጨርሳ አጣጥፋ አስቀምጣለች። እናቷ መጀመሪያ ታችኛውን እጥፋት በጣቷ ለካች፤ አራት ነው። ከዚያ ቡናማውን ወረቀት አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ አገላብጣ አየችው። «ስድስት ነጥብ ስምንት ማለት ምን ማለት ነው?» አለች።

እህቱ ወደ ጠብታ መላ ሰውነቷን አዞረች። «እሱ ይንገርሽ» አለች። «በአፉ ይንገርሽ።» ብላም ወደ ጓዳ ገባችና በራድ ስትጥድ፣ ብርጭቆ ስታንኳኳ ተሰማች።

ጠብታ ወንበሩን ወደ እህቱ ልጅ አስጠጋ። ለሠላሳ ዓመት ለኃላፊ፣ ለኮሚቴ፣ ለቅጽ ሲያስረዳ የኖረውን ነገር ለሰው ነግሮት አያውቅም ነበርና ከየት እንደሚጀምር ትንሽ ቸገረው። «መጀመሪያ አንቺ ምንም እንዳላጠፋሽ እወቂ» አላት። «ስትፍቂ ኖረሻል። መፋቅ የሚያወጣው ነገር አይደለም።» ከዚያ ከድንጋዩ ጀመረ፤ ውሃው ከመሬት ሥር በምን ዓይነት ድንጋይ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ ከድንጋዩ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ገና ያልበቀለ የሕፃን ጥርስ ድዱ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሚጠጣው። ልጅቷ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትሰማለች፣ ያልገባትን ታስቆመዋለች፤ ታዲያ አንተ መቼ አወቅህ ስትለውም ቀኑን ነገራት። እህቱ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጥታ አንዱን ከፊቱ አኖረችና፣ አንገቷን እንዳይጎትታት ትራስ ከኋላዋ አድርጋ፣ እሷም ልትሰማ ተቀመጠች።